አማርኛ የሚያነብ ሰው ይፈለጋል

የልጅ ልጄ 16 ዓመቷ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠችና ከኮምፒዩተሯ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አሳየችኝ። በመጀመሪያው ዓምድ ለሥራው የሚያስፈልገው ችሎታ ተጽፏል፤ በሁለተኛው ስንት ሰው እንደሚፈለግ፤ በሦስተኛው እስካሁን ስንት እንደተገኘ። መደርደሪያ የሚገጥም አዋቂ፦ 2 ይፈለጋል፣ 2 ተገኝቷል። ካርቶን የሚሸከም ወጣት፦ 8 ይፈለጋል፣ 11 ተገኝቷል። ከሁሉም በታች «አማርኛ አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው፦ 4 ይፈለጋል» ይላል። እዚያ ላይ የተገኘው ዜሮ ነው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ አንተን ልጻፍህ?» አለችኝ።

ወደ 70 ዓመት እየተጠጋሁ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ «ለሥራ እፈልግሃለሁ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ይህን ጥሪ የምጽፈው ከዚያች ዜሮ ተነሥቼ ነው፤ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ለምትኖሩ እኩዮቼ፣ ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ።

«ስካውት» ሲባል አገር ቤት ላለ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በሰሜን ተራሮች ጠመንጃውን አንግቶ ጎብኚ የሚያጅበው የፓርክ ጠባቂ ነው። በጃንሆይ ዘመን የተማርን ደግሞ አንገታቸው ላይ መሐረብ ያሰሩ ጓደኞቻችንን እናስታውሳለን። እዚህ አሜሪካ ድርጅቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 ሲሆን፣ ከ2025 ወዲህ ስካውቲንግ አሜሪካ በሚል ስም ይጠራል። ሴቶች ልጆች ወደ ከፍተኛው ማዕረግ በሚያደርሰው መንገድ መግባት የጀመሩት በ2019 ነው፤ የመጀመሪያዎቹም በ2021 ደረሱበት። የልጅ ልጄ በዚያ በተከፈተው በር ገብታለች።

ማዕረጉ ኢግል ስካውት ይባላል፤ ንስር ማለት ነው። ስድስት ደረጃዎችን አልፎ የሚገኝ ሰባተኛው ነው። 21 የሙያ ባጆች ይጠይቃል፤ በስድስተኛው ደረጃ ላይ ቢያንስ ስድስት ወር ኃላፊነት ይዞ ማገልገልን ይጠይቃል፤ ይህም ሁሉ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ማለቅ አለበት። በ1912 ማዕረጉን መጀመሪያ ያገኘው አርተር ኤልድሬድ የሚባል የኒውዮርክ ልጅ ነው። በእሱ ጊዜ ግን ዛሬ ሁሉም የሚያወራለት የአገልግሎት ፕሮጀክት የሚባል ነገር አልነበረም። እሱ የተጨመረው በ1965 ነው፦ ልጁ ለአንድ የሃይማኖት ተቋም፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለማኅበረሰብ የሚጠቅም ሥራ ራሱ አቅዶ፣ ራሱ አዘጋጅቶ፣ ሌሎችን መርቶ ይፈጽም ይላል። ለንግድ ድርጅት አይሆንም፤ በአብዛኛው ለአንድ ግለሰብም አይሆንም፤ ለስካውቱ ድርጅት ለራሱም አይሆንም።

«ሌሎችን መርቶ» የሚለው ላይ ቆም እንበል። በማኅበረሰባችን ያሉ ወላጆች ከአገልግሎት ጋር የተዋወቁት በሰዓት ነው። በእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ አንድ ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ ለመመረቅ 75 ሰዓት፣ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ 100 ሰዓት ማገልገል አለበት። ልጁ ቅዳሜ ሄዶ ምግብ ያድላል፣ ቅጹን ያስፈርማል፣ ሰዓቱ ይሞላል። ምግብ ማደል መልካም ነው። የኢግሉ ፕሮጀክት ግን ዝቅተኛ የሰዓት ወሰን የለውም። ሰዓቱ በመጨረሻ ሪፖርቱ ላይ ይመዘገባል እንጂ ልጁን የሚያስመዝነው ሌላ ነው፦ ምን እንደጎደለ አይቷል ወይ? ሰው አስተባብሯል ወይ? ያቀደውንና የሆነውን ጽፎ አስቀምጧል ወይ? እኔን የነካኝ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ለምን እንደነካኝ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘማች ነበርኩ። የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ክፍሎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራኖቻችን ጋር ሆነን ወደ 60,000 የምንጠጋ ሰዎች በየገጠሩ ተበተንን። ያልዘመተ ትምህርቱን አይቀጥልም ስለተባለ ፈቃዳችንን የጠየቀን አልነበረም፤ ብዙዎቻችን ግን ልባችን አስቀድሞ ዘምቶ ነበር። ከእኛ በፊት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት በየጠቅላይ ግዛቱ አንድ ዓመት ያገለግሉ ነበር፤ ሒሳብ በደንብ የገባኝ ከእነሱ አንዱ ስላስተማረኝ ነው። እኛም በተራችን ፊደል አስቆጠርን፤ ጉድጓድ ቆፈርን፤ የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ለገበሬው እያነበብን አስረዳን። በኋላ የሆነውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የዘመቻው መንገድ ብዙ ጓደኞቼን ወደ እስር ቤትና ወደ መቃብር አድርሷል።

ከዘመቻው ማስታወሻ ደብተር ይዤ ተመልሼ ነበር። ፊደል ያስቆጠርናቸው ሰዎች ስም፣ የቆፈርነው ጉድጓድ ስንት ክንድ እንደነበረ፣ ድንጋዩን ማን እንዳመጣ፣ ማን እንደታመመ፣ ሁሉም ነበረበት። በ1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በመንግሥት ትእዛዝ የቤት ለቤት አሰሳው የመጣ ሰሞን እናቴ እምድጃ ውስጥ ከተተችው። አልፈረድኩባትም፣ አሁንም አልፈርድም። በዚያ ወር ስንት እናት ስንት ወረቀት እንዳቃጠለች እግዚአብሔር ይወቀው። ያቺ የጉድጓድ ውኃ ዛሬ ትጠጣ ወይም ትድረቅ አላውቅም። በዙሪያዋ ከነበሩት ሰዎች ውስጥ የአራቱን ስም እንኳ በእርግጠኝነት መጥራት አልችልም።

እኛ ወረቀት እንደሚያስገድል በልጅነታችን የተማርን ትውልድ ነን። ስም መጻፍ፣ መፈረም፣ ማን ምን እንደሠራ መመዝገብ ያስፈራናል። ይህ ፍርሃት ባሕር ተሻግሮ አብሮን መጥቷል። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን ሠርተናል፣ እድር አቁመናል፣ ሬሳ አገር ቤት ልከናል፣ አዲስ የመጣውን ተቀብለን ሥራ አስገብተናል። በአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ለዓመታት አገልግያለሁ። የመዝገቡ ገጾች በመዋጮና በቅጣት የተሞሉ ናቸው፤ እነዚያን ሰዎች ማን እንዳሰባሰባቸው፣ የመጀመሪያው ስብሰባ በማን ሳሎን እንደተደረገ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ ስለ እያንዳንዱ ሥራ፣ ስለ እያንዳንዱ ብሎን መጻፍ የሚያስገድድ የሥራ ደብተር ይዛ ስትመጣ ምን እንደተሰማኝ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያ ሐሳቧ ወሎ ውስጥ ላለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማሠሪያ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበር። የስካውት አማካሪዋ መለሰባት። ሥራው ውጭ አገር መሆኑ አላገደም፤ ማኅበረሰብ የሚለው ቃል ዓለምን ሁሉ ሊያቅፍ ይችላል። ያገደው ገንዘብ ማሰባሰብ ብቻውን ፕሮጀክት አለመሆኑ ነው። አዘነች። እኔም አዘንኩ፤ ተናደድኩም። ቆይቼ ሳስበው ግን መመለሱ ደግ ሆነ። እኛ የልግስናችን ልማድ ገንዘብ መላክ ነው፤ ልጆቻችንም ያንኑ ወርሰዋል። እጅና ጭንቅላት የሚጠይቀውን የቅርቡን ሥራ ማየት አቅቶናል።

የቅርቡ ሥራ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ተከምሮ ነበር። በካርቶን የታጨቁ መጻሕፍት። ሰው ሲሞት ልጆቹ ቤቱን ያጸዳሉ፤ አማርኛ አያነቡም፤ መጣሉ ይከብዳቸዋል፤ ካርቶኑን ጭነው አምጥተው ምድር ቤት ያኖሩታል። ይህን የሚያደርጉት ደጎቹ ናቸው። ከቆሻሻ ጋር በር ላይ የወጣም አይቻለሁ። ልጅቱ ያን ክምር ደጋግማ እያየች ያደገች ናትና «መደርደሪያ ሠርተን፣ እያንዳንዱን መጽሐፍ መዝግበን ቤተ መጻሕፍት ብናደርገውስ?» አለች።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ፕሮፖዛሉ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚጠቅም፣ ምን ዕቃ እንደሚፈልግ፣ በግምት ስንት እንደሚያስወጣ፣ በምን ደረጃ እንደሚከናወን፣ ምን አደጋ ሊኖር እንደሚችል ይጻፋል። ከዚያ አራት ፊርማ ያስፈልጋል፦ የስካውቱ መሪ፣ የቡድኑ ኮሚቴ፣ ተጠቃሚው ድርጅትና ከበላይ ያለው የስካውት ካውንስል ወይም ዲስትሪክት። አራቱ ሳይፈርሙ ሥራ መጀመር አይቻልም። የካውንስሉ ወይም የዲስትሪክቱ ከሌሎቹ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ከቀሩት ሁለቱ ቶሎ ተገኙ። የዘገየው የእኛው፣ የተጠቃሚው ፊርማ ነው። ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ «ልጅ ናት፣ ትጨርሰዋለች?» አሉ፣ ከዚያም «ፈርመን ነገ ብንጠየቅስ?» አሉ። ያ ፊርማ መፍራት ከየት እንደመጣ ስለማውቅ አልተቆጣሁም። ሳምንታት ግን አለፉ፤ የልጆች ጊዜ ደግሞ የሚቆጠር ነው። 18ኛው ልደት ከመጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የእድርና የኮሚዩኒቲ ማኅበር መሪዎች፣ የመጀመሪያው ጥሪዬ ለእናንተ ነው። አንድ ልጅ ፕሮፖዛል ይዞ ሲመጣ የሚቀበለው አንድ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። የሚፈርመውም እሱ ይሁን፤ ሥራው ሲያልቅ አይቶ ሪፖርቱ ላይ የሚፈርመውም እሱ ይሁን። «የፈለግከውን ሥራ» ብላችሁ አትሸኙት፤ የሚያስፈልጋችሁን በእውነት ንገሩት። የማያስፈልግ አግዳሚ ወንበር ተሠርቶ ጓሮ ከሚበሰብስ፣ ልጁ እምቢ ተብሎ ሌላ ቢያስብ ይሻላል።

ሁለተኛው ለወላጆች ነው፤ ይህ ለልጄ፣ ለልጅቱ አባት፣ ጭምር ነው። አባቷ በፍቅር ብዛት አንድ ቅዳሜ ሆም ዲፖ ሄዶ የመደርደሪያውን እንጨት በሙሉ ገዝቶ መጣ፤ ሊገጥመውም መሰርሰሪያውን አወጣ። ልጅቱ አለቀሰች። የእንጨቱን ልክ፣ የእያንዳንዱን ዋጋ፣ ከየት እንደሚገዛ ሠንጠረዥ ላይ አስፍራ፣ ማን እንደሚገጥመው መድባ ነበር። የእኛ ልጆች ወላጆቻቸው ሁለት ሥራ ሲሠሩ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ እኛም ያላገኘነውን ሁሉ ልንሰጣቸው እንሻለን። መምራትን ግን ልንሰጣቸው አንችልም። አባቷ እንጨቱን መልሶ ከዕቅዱ ጋር የሚስማማውን ራሷ እንድትገዛ አደረገ። ክብር ይግባው፤ አባት ሆኖ እጅን መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

ከዚያ የሥራው ቀን መጣ። ከሥራው ቀን ይበልጥ የማልረሳው ቀን በዚህ አገር የለኝም።

ልጆቹ ኮምፒዩተር ይዘው በሦስት ጠረጴዛ ተቀመጡ። እኔ ከእድሩ ሦስት ሽማግሌዎች ይዤ መጥቻለሁ፤ ዜሮዋ 4 ሆናለች። ሻጋታ ስለነበር ሁላችንም ጭምብልና ጓንት አድርገናል፤ እሱም በዕቅዱ የአደጋ ክፍል ውስጥ ተጽፏል። እኛ እናነባለን፤ እነሱ ይጽፋሉ። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያላሰብነው ችግር ተከታትሎ መጣ። አንድ ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ዓለማየሁ ብሎ በአባት ስም መዘገበው፤ የእኛ ስም እንደዚያ አይሠራም፣ ከ«ሐ» ነው የሚገባው አልነው። የታተመበትን 1958 ሲጽፍ ዓመተ ምሕረት መሆኑን አላወቀም፤ ሰባት ስምንት ዓመት አስቀድሞ የወጣ መጽሐፍ ሆኖ ሊቀመጥ ነበር። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ነው የያዘው። ከልጆቹ አንዱም ፲፱፻፶፰ን ማንበብ አይችልም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወረቀት አምጡ አሉና ከ፩ እስከ ፻ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉ።

የልጅ ልጄ ሥራውን አስቆመች። ሁሉንም ሰብስባ «ዕቅዱን እንቀይራለን» አለች። በመዝገቡ ላይ ለኢትዮጵያ ዓመትና ለፈረንጅ ዓመት ሁለት ዓምድ ይደረግ፤ የደራሲው ስም በራሱ በመጠሪያ ስሙ ይግባ፤ ርዕሱ በፊደላችንም በእንግሊዝኛ አጻጻፍም ይቀመጥ፤ ያልገባው ልጅ አይገምት፣ ይጠይቅ። የመሪ ቃል ነበር፤ ያኔ ነው ፕሮጀክቱ እንደተሳካ ያወቅሁት። መደርደሪያው ገና አልቆመም ነበር።

ከቀትር በኋላ ነው ሌላው የሆነው። አንዱ ሽማግሌ የከበደ ሚካኤልን አንድ መጽሐፍ ከፍተው ዝም አሉ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጅ የተጻፈ የስጦታ ቃል ነበር፤ እጁን ለይተውታል። ከ40 ዓመት በፊት እዚሁ አገር አብረው አንድ ክፍል ተከራይተው የኖሩ፣ ከሞቱ የቆዩ ወዳጃቸው ጽሕፈት ነው። አጠገባቸው የተቀመጠው የ14 ዓመት ልጅ ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ልጁ ጽፎ ሲጨርስ መሪዋን ጠርቶ «ለዚህ ቦታ የለንም» አላት። ያኔ በእጅ ለተጻፈ ሁሉ የሚሆን አንድ ዓምድ ተጨመረ። ያ ዓምድ ዛሬ ከመዝገቡ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያነበው ነው። ማን ለማን እንደሰጠ፣ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ቀን። ማናችንም ልንጽፈው ያላሰብነው የስደታችን ታሪክ በሰው መጻሕፍት ባዶ ገጽ ላይ ተበትኖ ኖሯል።

መደርደሪያው ላይ ጥፋት ነበረ። ሊቆም የታሰበበት ግድግዳ እርጥበት እንዳለበት ያወቅነው ሁለቱ ክፍሎች ከተገጠሙ በኋላ ነው፤ ተነቅሎ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ዞረ፤ አንድ ተጨማሪ ቅዳሜ በላ። ሪፖርቱን ስትጽፍ ይህንኑ አስገባችው። «ግድግዳውን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ» ብላ። አንድ ዘመድ «ለምን ጥፋትሽን በጽሑፍ ትሰጫለሽ? ገምጋሚዎቹ እንዲጥሉሽ ነው?» አላት። ቅጹ ራሱ እንደሚጠይቅ አሳየችው፦ ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን አስቸገረ፣ ከዕቅዱ ምን ተለወጠ፣ መሪ መሆን የከበደው የቱ ላይ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዎች ያሉበት ገምጋሚ ቦርድ ፊት ስትቀርብ ረጅሙ ጭውውት ስለዚያ ግድግዳ ነበር። አለፈች።

እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። በዘመናችን የሚጻፈው ድል ብቻ ነበር፤ ውድቀት የጻፈ ይጠየቅበት ነበር። የእኔ ትውልድ ለልጅ ልጆቹ የሚያወርሰው አንድ ነገር ቢኖር የሆነውን እንደሆነው ማስፈር ቢሆን ደስ ይለኛል፤ እኛ የምናውቀውን እናውራ፣ እነሱ ሥርዓቱን ያውቁታል፣ ይጻፉት።

ልጆች፣ ይህ ደግሞ ለእናንተ ነው። ስካውት ያልሆናችሁም ብትሆኑ ሠንጠረዡን መዋስ ትችላላችሁ፤ ማንም አይከለክልም። የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ምድር ቤት፣ በአያቶቻችሁ አልበም ውስጥ ያሉ ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎች፣ በካሴት የተቀዳ ሠርግና ስብከት፣ የእድር መዝገብ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰው ይጠብቃሉ። ሠፈራችሁ ውስጥ ባለ መናፈሻ አትክልት ብትተክሉም መልካም ነው፤ ከመቆፈራችሁ በፊት 811 ደውላችሁ የመሬት ውስጥ መስመሮችን አስለዩ። ምን ብትሠሩ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ያለውን ፎቶ አንሡ፤ የሠሩትን ሰዎች ስም ሙሉውን ጻፉ፤ ደረሰኙን አትጣሉ። ከሁሉ በፊት አንድ ሽማግሌ ፈልጉ። በአማርኛ መጠየቅ ቢያሳፍራችሁ በእንግሊዝኛ ጠይቁን፤ እንመልሳለን።

እኩዮቼ ሆይ፣ ጋራዣችሁ ውስጥ ያለውን ካርቶን ልጆቻችሁ ሳያጸዱት እናንተ ክፈቱት። ዓይናችሁ ፊደል እስከለየ ድረስ ሥራ አላችሁ። እኔም የእድሩን መዝገብ ወስጄ ከመዋጮው ገጽ ጀርባ መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ የመጀመሪያው ስብሰባ በማን ሳሎን እንደተደረገ ሁለት ሰዎች ተጣልተውበት አሁን ሦስተኛ እየጠየቅሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ያ የ14 ዓመት ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ገና ሁለት ማዕረግ ይቀረዋል፤ ፕሮጀክቱን ግን ከወዲሁ እያሰበ ነው። የሽማግሌዎችን ድምፅ ቀድቶ፣ እያንዳንዱን ቃለ ምልልስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፎ ለቤተ መጻሕፍቱ ማስረከብ ይፈልጋል። ሠንጠረዡን ላከልኝ። አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ሰው፦ 6 ይፈለጋል፣ 1 ተገኝቷል። አንዱ እኔ ነኝ። አምስት ቦታ ክፍት ነው፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ምድር ቤት እንገናኛለን፣ መነጽራችሁን ይዛችሁ ኑ።